ኮምቦልቻ ሆኜ ክፍያ ያለው የምርምር ኢንተርንሺፕ እንዴት ላግኝ? ደሴ ላይ 8 ሺህ ብር ክፈይ ተብያለሁ

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የኬሚካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሲጂፒኤዬ 3.58 ነው። ሁለተኛውን ሴሚስተር ሙሉውን ኢንተርንሺፕ እንወጣለን። የክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ ፋብሪካ አግኝተዋል፤ ክፍያ ግን የለውም፣ ጥሩ የተባለው ምሳ ይሰጣል። እኔም ደብዳቤዬን ይዤ ሦስት ቦታ ዞርኩ። ሁለቱ «ሞልቷል» አሉኝ። ሦስተኛው ተቀበለኝ፤ ነገር ግን ላብራቶሪ ሳይሆን መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይል እንዳስተካክል ነው።

አባቴ ሐይቅ ነው ያለው፤ ሽንኩርትና ጤፍ ያርሳል። ከእኔ በታች ሦስት ተማሪዎች አሉ። ግቢ ውስጥ እስካለሁ ዶርምም ካፌም አለ፤ ስወጣ ግን የቤት ኪራዩም፣ ምግቡም፣ የባጃጁም ከእሱ ኪስ ነው። ባለፈው ሳምንት ልነግረው ደወልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የሽንኩርት ዋጋ እንደወደቀ ሲነግረኝ ዝም ብዬ ዘጋሁት።

ቴሌግራም ላይ ውጭ አገር ለሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎች እየከፈሉ ምርምር የሚያሠሩ ቦታዎች እንዳሉ አያለሁ። አንዱ ኢንተርንሺፕ ይለዋል፣ ሌላው ፌሎሺፕ፤ ልዩነቱ አልገባኝም። ደሴ ያለ አንድ ቢሮ ደግሞ 8 ሺህ ብር «የፕሮሰስ» ከከፈልኩ ካናዳ ክፍያ ያለው ቦታ እርግጠኛ ነው ብሎኛል። የዶርም ጓደኛዬ ከፍላለች። እኔ እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ፤ ገንዘቡን ከአጎቴ ልበደር እያሰብኩ ነው።

ከወሎ ሄዶ የሠራ ሰው ካለ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። እንደኔ ያለ፣ ላፕቶፕ እንኳ የሌለው ተማሪ ከየት ነው የሚጀምረው?

---

የጦሳ ሥር፦

እታለም፣ ሰኞ ስለደረሰ ከ8 ሺው ብር ልጀምር። አትክፈይ፤ አጎትሽንም አታስቸግሪ። ጓደኛሽ ደረሰኝ ካላት ዛሬውኑ ሄዳ ገንዘቧን ትጠይቅ።

ለተማሪ እየከፈለ የሚወስድ የምርምር ተቋም ተማሪውን የሚመርጠው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አንድ ፕሮፌሰር ነው፤ ማመልከቻሽን አንብቦ፣ በቪዲዮ አነጋግሮሽ። ደሴ የተቀመጠ ሰው በዚያ ፕሮፌሰር ፈንታ «እርግጠኛ ነው» ሊልሽ አይችልም። እኔ ካመለከትኩባቸው ውስጥ ለማመልከቻ አንድም ብር የጠየቀኝ የለም። ቢሮውን ይህን ብቻ ጠይቂው፦ የምሠራበት ላብራቶሪ የማን ነው? የፕሮፌሰሩን ስም መናገር ካልቻለ ቦታው የለም።

ስለ ስያሜው ብዙ አትጨነቂ። ፌሎሺፕ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ በስምሽ የተሰጠሽ ነው፤ ኢንተርንሺፕ ሲሉ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ገብተሽ ትሠሪያለሽ። ግን ኢንተርንሺፕ ተብሎ ተማሪውን የሚያስከፍልም አለ፣ ፌሎሺፕ ተብሎ ትኬት የማይሸፍንም አለ። አንቺ የምታይው ወርሃዊው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ማደሪያው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ቪዛውና የጤና መድኑ በማን እንደሆነ ነው። ከእነዚህ አንዱ በአንቺ ላይ ከወደቀ ለእኛ ቤት ልጅ አይሆንም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። እኔም ኮምቦልቻ ነው የተማርኩት፣ ያውም ያንቺኑ ትምህርት። በ2010 የካቲት ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄድኩ፤ ከጂዳ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ቱወል የሚባል ቦታ ላይ ያለ የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፤ በአጭሩ ካውስት ይሉታል። ለጎብኝ ተማሪዎች የሚሆን የምርምር ፕሮግራም አለው፤ ከ3 እስከ 6 ወር። እኔ በሄድኩበት ጊዜ በወር 1,000 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ትኬት፣ ቪዛ፣ የጤና መድንና የራስሽ መኝታ ክፍል ጨምሮ። ያኔ ዶላሩ 27 ብር ገደማ ነበር፤ ወሩ 27 ሺህ ብር ማለት ነው። ውጤት ከ4.0 ላይ ቢያንስ 3.5 ይጠይቃል፤ ያንቺ ይበቃል።

ቤት ስነግር አያቴ «ጂዳ» የሚለውን ሰምታ አለቀሰች። ወሎ ውስጥ ያ ስም ምን እንደሚያስታውስ ታውቂዋለሽ። አክስቴ እዚያው ሰው ቤት 9 ዓመት ሠርታ ነው የመጣችው። አክስቴ ግን አላለቀሰችም። ቡናውን አቅርባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ጠየቀችኝ። «ፓስፖርትሽን ማን ይይዘዋል?» እኔው አልኳት። «ክፍልሽ ከውስጥ ይቆለፋል?» አዎ። «ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚገባው?» በእኔ። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያ ሂጂ፤ እኔ ያላየሁትን ጂዳ እይልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ተማሪ የምነግረው የአክስቴን ሦስት ጥያቄ ነው። ካናዳም ይሁን ጃፓን፣ የሦስቱም መልስ እንደኔው ካልሆነ አትሂጂ።

ግን የሄድኩት በውጤቴ አይደለም። ከእኔ በላይ ውጤት ያላቸው አብረውኝ አመልክተው አላገኙም። የወሰደኝ ቦርከና ነው።

በ2009 ክረምት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ስንሻገር፣ ወደ ቤት ሳልሄድ ኮምቦልቻ ቀረሁ። ሐምሌ ላይ ቦርከና ወንዝ ጭቃ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ብርጭቆ ውስጥ ብትቀጂው ጣትሽ በወዲያ በኩል አይታይሽም። የሺፈራው ፍሬ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃውን አያይዞ ወደ ታች እንደሚያወርድ ክፍል ተምረናል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ቻርጅ አለው፣ የጭቃው ብናኝ ደግሞ አሉታዊ፤ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። እኔ ማየት የፈለግኩት ስንት ሚሊግራም ለአንድ ሊትር ይበቃል የሚለውን ነው። ለዚህ ስድስት ቢከር እኩል የሚያማስል መሣሪያ አለ። የእኛው ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ እኔና የላብ አሲስታንቷ በእጃችን አማሰልነው፦ 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 20 ደቂቃ በቀስታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይነካ ማስቀመጥ። ጊዜውን በስልክ ይዘን። አንድ መጠን ሦስት ሦስት ጊዜ። ክንዳችን ሲዝል እየተቀያየርን።

በ50 ሚሊግራም ትንሽ ጠራ። በ100 ድፍርስነቱ በመለኪያው ከ240 ወደ 11 ወረደ። በጣም ደስ ብሎኝ በ200 ስሞክር ተመልሶ ደፈረሰ። ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና ሠራሁት፤ ያው ነው። እንደገና፤ ያው። የተማርኩት መጽሐፍ «ብዙ ሲጨመር ውጤቱ ይቀንሳል» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ያን መስመር በዓይኔ አየሁት። ምክንያቱ፣ ፕሮቲኑ ሲበዛ ብናኙን ሁሉ አልብሶ አዎንታዊ ያደርገዋል፤ ያኔ ብናኞቹ መልሰው ይገፋፋሉ፣ አይያያዙም።

መስከረም ላይ ሳመለክት ማመልከቻዬ የጀመረው በዚህ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» አላልኩም፤ ያንን ሁሉም ይጽፈዋል። የጻፍኩት «በሐምሌ ወር የቦርከና ወንዝን ውሃ በሺፈራው ፍሬ ለማጥራት ሞክሬ በ200 ሚሊግራም ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ» ብዬ ነው። ኅዳር ላይ ፕሮፌሰሩ በቪዲዮ ሲያነጋግረኝ ስለ ውጤቴ አንዴም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያ ጥያቄው «ለምን ተመልሶ ደፈረሰ?» ነበር። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቆራርጦ ሁለቴ ደገምኩለት። ሁለተኛው ጥያቄው «ስንት ጊዜ ደገምሽው?» ነበር። የላብ ደብተሬን ካሜራው ላይ አሳየሁት፤ የጭቃ ጠብታ ያለበትን ገጽ ሳይቀር።

እዚያ የሠራሁት የባሕር ውሃን ጨው የሚያጣሩበት ሜምብሬን (ስስ ማጣሪያ) ላይ ነው። የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ሥራዬ ሜምብሬኑ እየቆሸሸ ሲሄድ የሚያሳልፈው ውሃ በምን ያህል እንደሚቀንስ መከታተል ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ሚዛኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ እመዝናለሁ፣ ግፊቱን አነባለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ግንቦት ላይ ረመዳን ገብቶ እየጾምኩ ቀኑን ሙሉ የማጣራው ውሃ ነበር፤ ጠብታውን እያየሁ አዛን እጠብቃለሁ። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ ሳይሰለቹ እኩል መሥራት ነው፤ እሱን ደግሞ ቢከር በእጄ ሳማስል ተምሬው ነበር።

በገንዘቡ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ የወንድሜን የቤት ኪራይ ከፈልኩ፣ ለአያቴ ጋቢ ገዛሁላት። ኮምቦልቻ ያለው ትምህርት ክፍሌ ደግሞ አስቀድሜ ስለጠየቅኩ ያንን አራት ወር የ4ኛ ዓመት ኢንተርንሺፕ አድርጎ ቆጠረልኝ። ይህን አትርሺ፦ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ አስፈቅጂ። ሳያስፈቅዱ ሄደው ሴሚስተሩን የደገሙ አውቃለሁ።

ለአንቺ ለመጪው ሴሚስተር ካውስት አይደርስ ይሆናል፤ ቪዛው ብቻ ወራት ይፈጃል። ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሚቀበል ወደ 5ኛ ዓመት ስትሻገሪ ላለው ክረምት ማመልከት ትችያለሽ። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ድህረ ምረቃ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ለጥቂት ወራት ተማሪ ይወስዳል፤ ትኬትና ማደሪያ ይሸፍናል፣ የቀን አበል ይሰጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚቀበለው፤ እስከማውቀው ሚያዝያ 7 እና ጥቅምት 5 አካባቢ ይዘጋል፤ ገጹን ራስሽ እያየሽ አረጋግጪ።

ፓስፖርትሽን ግን ከአሁኑ አውጪ። ተቀባይነት አግኝተው በፓስፖርት የቀሩ አሉ።

---

ከወልዲያ፦

የጦሳ ሥር የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ያልተሳካልኝን ነው። ያም ጊዜ ያተርፍልሻል።

ፊዚክስ ነው ያጠናሁት። 3ኛ ዓመት ሳለሁ አሜሪካ ውስጥ ክረምት ክረምት ለተማሪ የሚከፍል የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ፕሮግራም አለ ሲሉኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ቆየሁ። ሁለት መምህራንን ደብዳቤ አስጻፍኩ። ልልክ ስል ከታች ያለውን መስመር አነበብኩ፦ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ። መምህራኑን ይቅርታ ስጠይቅ ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም። የጀርመኑ ራይዝ የሚባለው ፕሮግራምም ያው ነው፤ ለሰሜን አሜሪካ፣ ለብሪታንያና ለአየርላንድ ተማሪዎች ነው። የካናዳው ማይታክስ ግሎባሊንክ የሚባለው የምርምር ኢንተርንሺፕ የሚቀበላቸውን አገሮች ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ደሴ ያለው ቢሮ የሚልሽ እሱን ከሆነ፣ ዝርዝሩ ውስጥ አገራችን መኖሯን ራስሽ አንብቢ፤ የሚያመለክተውም ተማሪው ራሱ ነው፣ ደላላ የሚገባበት ቦታ የለውም። እንግዲህ ማንኛውንም ማስታወቂያ ስታገኚ ከገንዘቡ በፊት «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንብቢ።

ለእኛ ክፍት የሆነው ሰርን ነው፤ ጄኔቫ ያለው የአውሮፓ አገሮች የኑክሌር ምርምር ማዕከል። ስሙ ፊዚክስ ይመስላል እንጂ ምህንድስናና ኮምፒውተርም ይወስዳል። ቢያንስ 3 ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ መሆን አለበት፤ ቆይታው ከ8 እስከ 13 ሳምንት ነው። አገራችን አባል ባትሆንም አባል ላልሆኑ አገሮች ተማሪዎች የተለየ ቦታ አለ፤ የቀን አበል፣ የጉዞ ወጪና የጤና መድን ይሰጣል። ማመልከቻው ጥር ውስጥ ነው የሚዘጋው።

እኔ 2016 ጥር ላይ ልልክ ተዘጋጅቼ ነበር። ክልላችን ውስጥ የስልክ ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ ነው። ሲቪውም፣ ስቱደንት ኮፒውም፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ፍላሽ ላይ ነበር። ዋይፋይ ያለበት አንድ ሆቴል ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ ሁለቱንም ቀን መብራት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ማመልከቻው ተዘግቶ ነበር። በዓመቱ ቀድሜ ላክሁ፤ አልተመረጥኩም። ምክንያት አይነግሩም።

አሁን ማመልከቻ ስልክ ላይ ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ ያለ ኢንተርኔት እጨርሰዋለሁ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ ሁለት ቦታ አስቀምጠዋለሁ፣ ከመዝጊያው 10 ቀን በፊት እልካለሁ። ላፕቶፕ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። ጓደኛዬ የኦኪናዋውን ሙሉ በሙሉ በስልክ ነው የሞላው።

---

የኮምቦልቻው መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ከጠረጴዛው በወዲያ በኩል ነኝና ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ልንገርሽ። ሦስታችሁም በመዝጊያው ዋዜማ የምትጨነቁበት እሱ ነውና።

በየዓመቱ ጥር ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በሬን የሚያንኳኳ ተማሪ አለ። «መምህር፣ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል» ይላል። ፊቱን አስታውሰዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሁለተኛው ረድፍ ነው የሚቀመጠው፤ ኤ አግኝቷል። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም። ምን ልጻፍለት? «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጎበዝ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። የሚያነበው ሰው ያንኑ ዓይነት መቶ ደብዳቤ አንብቧል። የማላዝን እንዳይመስልሽ፤ በየዓመቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከእነዚያ ልጆች ውስጥ እውነተኛ ጎበዞች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የሠሩትን ግን አላየሁም።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ልጅ ላብራቶሪ ውስጥ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያችን በየቀኑ ጠዋት ከ0.2 በላይ እንደሚሳሳት ደርሳበት፣ በየጠዋቱ ፒኤቻቸው በታወቀ ሁለት ፈሳሾች (በፈር) እያስተካከለች ለሦስት ሳምንት የመዘገበችውን ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። ማንም አላዘዛትም። ለእሷ ደብዳቤ ስጽፍ ገጽ ተኩል ሞላሁ፤ ቃል ማሳመር አላስፈለገኝም።

ስለዚህ ደብዳቤ የምትፈልጊበትን መምህር አሁን ምረጪ፤ ላብራቶሪው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቂው፣ አብረሽ ሥሪ። ደብዳቤውን ስትጠይቂም ከሦስት ሳምንት በፊት፤ ከሲቪሽ ጋር ምን እንደሠራሽለት በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጪው። ሥራ ይበዛብናል፣ እንረሳለን። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደብዳቤው ከመምህሩ ከራሱ እንዲላክ ይፈልጋሉ፤ የተቋም ኢሜይልም ይመረጣል። የመምህርሽ የተቋም ኢሜይል የሚሠራ መሆኑን በትህትና አረጋግጪ፤ ብዙዎቻችን በጂሜል ነው የምንጠቀመው፣ የተቋሙ ከተከፈተ ዓመት ያለፈው አለ።

ሁለተኛው ነገር፣ ክፍያ ያለው ምርምር ሁሉ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ለምርምር በጀት ስናገኝ መረጃ ሰብሳቢ እንቀጥራለን፤ አበሉ ብዙ አይደለም፣ ግን ኪራይ ይሸፍናል። የሁለተኛ ዲግሪና የዶክትሬት ተማሪዎችም ናሙና የሚሰበስብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። የምርምር ማዕከላትም በመኸር ወቅት የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ማሳ ላይ በቀን ክፍያ አቀንጭራ ስቆጥር ነው የከረምኩት።

አቀንጭራን ታውቂዋለሽ፤ ማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚጠጣ፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው አረም። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሥራችን አንድ ካሬ ሜትር የእንጨት ማዕቀፍ መሬት ላይ ማስቀመጥና በውስጡ የበቀለውን አንድ በአንድ መቁጠር ነበር። ፀሐዩ ላይ ጎንበስ ብለን ከጠዋት እስከ ማታ። አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የሚባሉት የማሽላ ዝርያዎች ገበሬ እጅ የገቡት እንዲህ ባለ ቆጠራ ነው። ማሽላ ድርቅንና አቀንጭራን እንዲቋቋም ባደረጉት ሥራ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ዓይኔን እንባ ሞላው፤ የቆጠርኩት ትዝ አለኝ። በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ሳመለክት ማመልከቻዬ የተጻፈው ስለዚያ ማዕቀፍ ነው።

መዝገብ ቤት የተቀበለሽን ቦታ ደግሞ ወዲያው እምቢ አትበይ። ገብተሽ ሁለት ሳምንት ካየሽ በኋላ የፍሳሽ ማጣሪያውን ወይም የጥራት ክፍሉን ኃላፊ «ማታ ማታ ናሙና ልውሰድ?» ብለሽ ጠይቂ። በሩ አንዴ ከተከፈተልሽ በኋላ ከመዝገብ ቤት ወደ ላብራቶሪ መሻገር ከውጭ ከመግባት ይቀላል። ትምህርት ክፍልሽ ያለውን የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮም አነጋግሪ፤ በደብዳቤው ላይ የምትሠሪበት ክፍል ስም ካልተጻፈ ድርጅቱ የፈለገበት ይመድብሻል። አዲስ ደብዳቤ አስጽፈሽ «የላብራቶሪ ሥራ» ብለው እንዲጠቅሱ ጠይቂ።

---

ሐይቅ ዳር፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ሰኞ ቢሮው ሄጄ «የምሠራበት ላብራቶሪ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው «እሱ በኋላ ነው የሚታወቀው» አለኝ። ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። ጓደኛዬ ገንዘቧን አልመለሱላትም፤ ደረሰኙ ላይ «የማማከር አገልግሎት» ነው የሚለው። በጣም ተከፍታለች። ማታ አብረን የጦሳ ሥር የጻፈችውን አነበብን።

መምህር፣ እንዳሉኝ ትስስር ቢሮ ሄድኩ፤ ደብዳቤው «የጥራት ቁጥጥር ላብራቶሪ» ተብሎ ዳግም ተጽፎልኛል። ሐሙስ ይዤው እሄዳለሁ። የአካባቢ ምህንድስና ያስተማረን መምህርም በሚሠሩት ጥናት ላይ ናሙና የሚሰበስብ ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ፤ አበሉ የኪራዬን ግማሽ ይሸፍናል። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ግማሹን ብቻ ስለው «ግማሹማ አያቅተኝም» አለኝ።

አሁን የማልረዳው አንድ ነገር ቀርቶኛል። የጦሳ ሥር፣ እኔም በቦርከና ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን አሁን ኅዳር ነው፣ ውሃው ጠርቷል። ሺፈራው ምን ያጠራል?

---

የጦሳ ሥር፦

አብሽሪ፣ ጥሩ አይተሻል። የኔን አትድገሚ። በበጋ የቦርከና ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጭቃ የለም፣ ውሃውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከከተማውና ከፋብሪካዎቹ የሚገባው ነገር የሚቀላቀልበት ውሃ ትንሽ ነው። ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ሁለት ቦታ ምረጪ፤ ፒኤችና በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር የሚያሳየውን ኮንዳክቲቪቲ ለኪ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። እስከ ግንቦት ድረስ ብትቀጥዪ ከ20 ሳምንት በላይ የሚሆን መስመር ይኖርሻል። ከታች ያለው ቁጥር በአንዳንድ ሳምንት ብቻ ዘሎ ቢወጣ፣ «ለምን በዚያ ሳምንት?» የሚለው ጥያቄ ያንቺ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም።

ጠርሙሱን ከመሙላትሽ በፊት በዚያው ወንዝ ውሃ ሦስቴ አለቅልቂው። ከዳር አትቅጂ፣ ውሃው ከሚፈስበት ነው። ስትቀጂ ወደ ላይኛው ወንዝ ፊትሽን አዙሪ፤ እግርሽ ያነሳው ጭቃ ናሙናሽ ውስጥ እንዳይገባ። ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ አጠገብሽ ልብስ የሚያጥብ ሰው መኖሩን ሳይቀር ጻፊ። ደብተሩ ባለ ጠንካራ ሽፋን ይሁን፤ በእርሳስ ሳይሆን በብዕር፤ ስትሳሳቺ አትፋቂ፣ ሰርዘሽ አጠገቡ ጻፊ።

እኔ አሁን ደሴ የውሃ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ አለኝ፤ የራሴ ነው፣ በካውስቱ ገንዘብ ነው የገዛሁት። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እመጣለሁ፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ጠብቂኝ። ጓደኛሽንም ይዘሻት ነይ፤ ጠርሙስ የሚይዝ አንድ ሰው፣ የሚጽፍ አንድ ሰው ያስፈልጋል።